“ከክፍል ስንተኛ ወጣ?” የማይባልበት ትምህርት

በተለያዩ አገሮች ላሉ ትምህርት ቤቶች ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጀው ዓለም አቀፉ የባካሎሬት ድርጅት (IB) ከ11 እስከ 16 ዓመት ላሉ ተማሪዎች ያዘጋጀው መርሐ ግብር (MYP) የተጀመረው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። የትምህርት ዘርፎቹ ስምንት ናቸው፤ ወላጆችን ግራ የሚያጋባው ግን የውጤት አሰጣጡ ነው። በየትምህርቱ ያሉት አራት መመዘኛዎች እያንዳንዳቸው እስከ 8 ነጥብ ስለሚይዙ፣ ከ32 የሚገኘው ድምር ከ1 እስከ 7 ወዳለው ደረጃ ይለወጣል። በሳይንስ ለምሳሌ ዕውቀት አንዱ መመዘኛ ብቻ ሲሆን፣ ተማሪው ሙከራ እንዲነድፍ፣ የሰበሰበውን መረጃ እንዲተነትንና ሳይንስ በኅብረተሰቡ ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ እንዲመረምርም ይጠበቃል። ምዘናው አስቀድሞ በተጻፈ መስፈርት እንጂ ከጓደኛ ጋር በማወዳደር ስላልሆነ፣ የለመድነው የ“ስንተኛ ወጣ” ጥያቄ እዚህ መልስ የለውም፤ እኔ ደግሞ (መምህራኑን ሥራ ቢያበዛባቸውም) ትልቁ ብልጫው ይህ ይመስለኛል። በመጨረሻው ዓመት ተማሪው ራሱ የመረጠውን የግል ፕሮጀክት ከሥራው ሂደት ዘገባ ጋር ያቀርባል።