ማተርሆርንን በአራት እንጨት፦ ሦስተኛው ወር

ሰላም ጓዶች! የእንጨት ህትመቱ የት ደረሰ ላላችሁኝ ይኸው። ጃፓናዊው ሠዓሊ ዮሺዳ ሂሮሺ እ.ኤ.አ. በ1925 ያሳተመውን የማተርሆርን ተራራ (በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ላይ ያለውን) ህትመት እያየሁ መለማመድ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ።

እሱን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ዮሺዳ የሠለጠነው በምዕራባውያን አሳሳል፣ በዘይትና በውሃ ቀለም ነው፤ ወደ እንጨት ህትመት የገባው ከ40 ዓመቱ በኋላ ነው። ስለዚህ ብርሃኑና ርቀቱ የአውሮፓ ሥዕል ይመስላል፣ አሠራሩ ግን የጃፓን ነው፤ እንጨቱ ይቀረጻል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ይነጠፍበትና ከጀርባው በእጅ ይታሻል። ደግሞ ይህንኑ ተራራ ቀንም ሌሊትም አድርጎታል። በዚያው እንጨት፣ ቀለሙን ብቻ ቀይሮ! እኔን የያዘኝ ይሄ ነው።

የመጀመሪያው ወር በኬንቶ አለቀ። ኬንቶ ማለት ወረቀቱ ሁሌም አንድ ቦታ እንዲያርፍ እንጨቱ ጠርዝ ላይ የሚቀረጽ ምልክት ነው። በትክክል ቀርጬውም በሰማዩና በተራራው መሃል ቀጭን ነጭ ክፍተት ይቀር ነበር። ለካ ጥፋቱ የመሮዬ አይደለም፤ አንዱን ቀለም አትሜ ሌላውን እስካትም ወረቀቱ እየደረቀ ይኮማተራል። አሁን ማታውኑ አርጥቤ በፌስታል ጠቅልዬ አሳድረዋለሁ፣ ሥራው እስኪያልቅም ከፌስታሉ የማወጣው አንድ በአንድ ነው። ክፍተቱ ጠፋ።

ሰማዩ ግን አስለፋኝ። ከላይ ደማቅ ሆኖ ወደ ታች እየሳሳ የሚጠፋው ቀለም ቦካሺ ይባላል። እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሳለሁ፣ የብሩሹን አንድ ጫፍ ብቻ ቀለም አስነካለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ወዲህ። ውሃው ከበዛ ይዥጎረጎራል፣ ካነሰ መስመር ይሠራል። ሰባተኛው ወረቀት ላይ ግን መጣ፤ ሰማያዊው የት ላይ እንዳለቀ በጣቴ ማሳየት አልቻልኩም፣ በደስታ ቤተሰቡን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ።

ለበረዶው ቀለም የለም፣ ባዶው ወረቀት ራሱ ነው። ጥላው ላይ መጀመሪያ ግራጫ አትሜ ተራራው ሞቶብኝ ነበር። በጣም የቀጠነ ሰማያዊ ሦስት ጊዜ ስደራርብበት ድንጋዩ ወደ ፊት ወጣ። እዚህ ጋ ነው ውሃ ቀለም የሚያውቅ ሰው እጅ የሚታየው።

የምቀርጽበት ኮምፔርሳቶ ቃጫው እየተነሳ ቀጭን መስመር ላይ ያስቸግረኛል። ሌላ እንጨት የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ቅዳሜ እነዚሁኑ አራቱን እንጨቶች አጥቤ የተራራውን የሌሊት ህትመት እጀምራለሁ።