እንደ ሊጥ ሦስት ቀን

ለእማዬ ሥራዬ በደንብ የገባት ባለፈው ፋሲካ ነው።

እሷ ያለችው ጎንደር ነው። እኔ ሜሪላንድ፣ አንድ ሆስፒታል የጄኔቲክስ ላብራቶሪ ውስጥ ቴክኖሎጂስት ሆኜ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። በስልክ ሁሌ የምትጠይቀኝ ነገር ነበር። «ደም አይደል የምትመረምሪው ልጄ? ታዲያ ሦስት ቀን ምን ያቆየዋል? እዚህ ጤና ጣቢያ እንኳ ውጤቴን ይዤ ነው የምመለሰው።»

እውነቷን ነው። የወባም የስኳርም ውጤት ወዲያው ይደርሳል። እኛ የምናየው ግን ክሮሞዞም ነው፤ ሴል ውስጥ ያለ፣ በዘር የሚተላለፈውን መመሪያ የተሸከመ ክር መሰል ነገር። ክሮሞዞም ደግሞ በማይክሮስኮፕ ተለይቶ የሚታየው ሴሉ ለሁለት ሊከፈል ሲሰናዳ ብቻ ነው። ከክንድ የተቀዳ ደም ውስጥ ያሉት ነጭ የደም ሴሎች ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ አይከፋፈሉም። መቀስቀስ አለባቸው። የሚቀሰቅሳቸው ከቦሎቄ የሚወጣ ንጥረ ነገር ነው። ጥቂት ደም ምግብ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ እናደርጋለን፣ ያን የቦሎቄ ነገር እንጨምርበታለን፣ ከዚያ 37 ዲግሪ የሚሞቅ ኢንኩቤተር ውስጥ 72 ሰዓት ይቀመጣል።

ይህን ስነግራት ትንሽ ዝም አለች። «እንደ ሊጥ ነዋ!» አለችኝ። «እርሾ ታደርጊበታለሽ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ታስቀምጪዋለሽ፣ በሦስተኛው ቀን ትጋግሪያለሽ።» አዲስ ሠራተኛ ሳሠለጥን አሁን የማስረዳው በእማዬ ሊጥ ነው። እንጀራ ያልበላ አሜሪካዊ እንኳ ይገባዋል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኮልሴሚድ የሚባል ኬሚካል እጨምራለሁ። ሊከፈሉ የተሰናዱትን ሴሎች ባሉበት ያቆማቸዋል። ቀጥሎ ጨው ያነሰው ውሃ ነው። ሴሉ ውሃውን እየጠጣ ያብጣል፤ ተደራርበው የነበሩት ክሮሞዞሞች ይላቀቃሉ። ይህች ውሃ ታሪክ አላት። ሹ የሚባል ቻይና የተወለደ ሳይንቲስት ቴክሳስ፣ ጋልቨስተን ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ክሮሞዞሞቹን እንዲህ አምረው ተዘርግተው አያቸው። ደግሞ ቢሞክር እምቢ አለው። ወራት ለፍቶ ነው ምክንያቱ የደረሰበት፤ ላብራቶሪው ውስጥ አንድ ሠራተኛ ተሳስቶ ፈሳሹን አቅጥኖት ኖሯል። ሹ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1952 አሳተመ። ያ ሠራተኛ ማን እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አይታወቅም። በዚያ ዘዴ ነው እ.ኤ.አ. በ1956 ስዊድን፣ ሉንድ ውስጥ ትጂዮ እና ሌቫን የሚባሉ ተመራማሪዎች የሰው ክሮሞዞም 46 መሆኑን ያሳወቁት። ከዚያ በፊት 48 ነው ይባል ነበር። ያን ስሙ ያልታወቀ ሰው ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

ከዚያ ሴሎቹ በሜታኖልና በአሴቲክ አሲድ ይታጠባሉ። ክፍሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ቀጥሎ ስላይድ በሚባለው ቀጭን መስታወት ላይ ማንጠብጠብ ነው። ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ጠብታዋ ቶሎ ከደረቀች ክሮሞዞሞቹ ሳይዘረጉ እላይ በላይ ይቀራሉ። ከዘገየች ይበታተኑና የትኛው የየትኛው ሴል እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ አየሩን ማወቅ አለብኝ። ጥር ላይ ማሞቂያው ክፍሉን ያደርቀዋል፤ ያኔ ስላይዱን በትንፋሼ አረጥበዋለሁ። ሐምሌ ላይ የሜሪላንድ ወበቅ ሌላ ጣጣ ነው።

ቀለሙ ጊምሳ ነው። ጎንደር ተማሪ ሳለሁ ለወባ ምርመራ ስላይድ ላይ የተሰጣ ደም የቀባሁበት ያው ጊምሳ! እዚህ በመጀመሪያው ቀን ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ ሳየው ዘመድ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። ከቀለሙ በፊት ግን ስላይዱ ትሪፕሲን የሚባል ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ይነከራል። ካነሰ ክሮሞዞሙ ላይ ያሉት መስመሮች አይወጡም፤ ከበዛ ያብጥና መልኩ ይጠፋል። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ የእንሽርት ውሃ ስላይድ አቆይቼ አበላሸሁ። ሌላ ስላይድ ስለነበረን ውጤቱ አልዘገየም። ግን ያ ውሃ ከእናት ማህፀን በመርፌ የተቀዳ ነው። ሴሉ እስኪያድግም ቀናት ፈጅቷል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት የአራስ ልጅ ደም መጣ። እዚህ ሕፃን ስም እስኪወጣለት ድረስ የቱቦው ወረቀት ላይ «ቤቢ ገርል» ተብሎ የእናቱ ቤተሰብ ስም ይጻፋል። ስሙ የእኛ አገር ስም ነበር። ሐኪሙ የጠረጠረው ዳውን ሲንድሮም ነው። የአራስ ሴል ቶሎ ይከፋፈላል፤ 48 ሰዓት ይበቃዋል። እሑድ ገብቼ ሠራሁት።

ሃያ ሴል ቆጠርኩ። በሁሉም 47። ከሁሉ ትንሿ፣ 21ኛዋ ክሮሞዞም ሁለት መሆን ሲገባት ሦስት ሆናለች። ዳውን ሲንድሮም ማለት ይኸው ነው።

ሦስት 21 ባየሁ ቁጥር ማርት ጎቲዬን አስታውሳለሁ። ዳውን ሲንድሮም ከዚህች ትርፍ ክሮሞዞም እንደሚመጣ ፓሪስ ውስጥ ሲታወቅ ሴሎቹን ያሳደገችው እሷ ናት። ሴል ማሳደግ የተማረችው ቦስተን ነው። ለሴሎቹ ማሳደጊያ የሚሆን ሴረም፣ ማለትም የደም ፈሳሽ፣ ሲቸግራት ከራሷ ደም ትወስድ ነበር። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲታተም የባልደረባዋ የዤሮም ሌዡን ስም ቀደመ፤ የእሷ ተከተለ፣ ያውም ፊደሉ ተሳስቶ። እ.ኤ.አ. በ2022 አረፈች። ስሟን ለምትሠለጥን ልጅ ሁሉ በትክክለኛው ፊደል እጽፍላታለሁ።

እኔ ላይ ፎቅ ወጥቼ እናትየዋን ማየት አልችልም። አይፈቀድም፤ መፈቀድም የለበትም። ውጤቱን ዳይሬክተራችን ፈርመው ይልካሉ፤ ለቤተሰቡ የሚነግሩት የጄኔቲክስ አማካሪዎች ናቸው። ግን አስተርጓሚው «ክሮሞዞም»ን ምን ይለዋል? እያልኩ ቤቴ ገባሁ። ዋናው ጭንቀቴ «የእኔ ጥፋት ነው» ብላ እንዳትቀመጥ ነበር። ጎረቤት ምን ይላታል? እርግማን? የበላችው? የደነገጠችው?

ከሳምንታት በኋላ አማካሪዎቹን ጠየቅኋቸው። የማንንም ስም ሳላነሳ ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የሚሰጥ አንድ ገጽ ልጻፍ አልኩ። ደስ አላቸው። ጻፍኩት። ክሮሞዞም ማለት ሰውነታችን የሚሠራበት መመሪያ የተጻፈበት ጥቅልል ነው አልኩ። ትርፏ አንዷ የመጣችው አብዛኛውን ጊዜ የእናት እንቁላል ወይም የአባት ዘር ሲሠራ ክሮሞዞሞቹ በትክክል ሳይካፈሉ ቀርተው ነው፤ እናት በልታ፣ ሠርታ ወይም ደንግጣ ያመጣችው አይደለም አልኩ። የልጆቹ ልብ ገና በሕፃንነታቸው በአልትራሳውንድ መታየት እንዳለበትም ጨመርኩ፤ ግማሽ ያህሉ ሲወለዱ የልብ ችግር ይኖርባቸዋል። ይማራሉ፣ ይጫወታሉ፣ አድገው ሥራ የሚሠሩም አሉ ብዬም ጻፍኩ።

ለእማዬ በስልክ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ጥሩ ነው» አለችኝ። «ግን አራስ አይደለችም እንዴ? እንኳን ማርያም ማረችሽ ሳትሏት ነው እንዴ የምትጀምሩት?»

በማግስቱ ገጹን ከፈትኩት። ላዩ ላይ፣ በትልቅ ፊደል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ ጻፍኩ። ሙስሊም ለሆነች እናት ደግሞ «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚል ሌላ ቅጂ ሠራሁ። አማካሪዋ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሁለቱንም ሃያ ሃያ አተመችልኝ።