አንድ በአንድ፦ የ2ኛ እና የ3ኛ ክፍል ልጆችን ጽሕፈት የማስተማር የ12 ሳምንት ማስታወሻ

ልጅ «ስለ ቤትህ ጻፍ» ሲባል አራት ሥራ በአንድ ጊዜ ይጫንበታል። ፊደሉን ይቀርጻል፣ ቃሉ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ ይለያል፣ ዓረፍተ ነገር ይገነባል፣ ሐሳብም ያመነጫል። እጁ ካልተፍታታ ሁለተኛው ቃል ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ጠፍቶታል። ስለዚህ ይህ ዕቅድ ሥራዎቹን ለያይቶ አንዱን ካቀለለ በኋላ ሌላውን ይጨምራል።

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ሳምንት፦ እጅ

በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን እጅ ይደክማል፣ ቅርጹም ይበላሻል። እርሳሱ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይያዛል፣ የመሐል ጣት ከሥር ይደግፋል። ጣቶቹ ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ማለት አለባቸው። አጥብቆ የሚጫን ልጅ የሚታወቀው የሚቀጥለው ገጽ ላይ በሚቀረው ምልክት ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እርሳሱ አጭር መሆኑ ወይም ልጁ ጫፉ ላይ መያዙ ነው። «ቀጣዩ ገጽ ላይ ምንም ሳይታይ ጻፉ» የሚል ጨዋታ ከአሥር ማሳሰቢያ ይሻላል። ግራኝ ልጅ በጽሑፉ ላይ እጁን እያሻሸ ስለሚሄድ የደብተሩን ራስጌ ወደ ቀኝ ያዘንብል፣ እርሳሱንም ትንሽ ከፍ አድርጎ ይያዝ። እጁን ማስቀየር አያስፈልግም።

ፊደል ማንበብ በ«ሀ ሁ» ቅደም ተከተል ይሂድ፤ ቁም ጽሕፈት ግን በቅርጽ ቤተሰብ ቢሄድ ይፈጥናል። ባለ ሁለት እግሮቹ በ፣ ለ፣ ሰ፣ አ አንድ ላይ፤ ባለ አንድ እግሮቹ ቀ፣ ተ፣ ነ አንድ ላይ፤ ባለ ሦስት እግሮቹ ጠ እና ሐ አንድ ላይ፤ ክብ ያላቸው ወ፣ ዐ፣ መ አንድ ላይ። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ጀ የሚጻፉት ወላጆቻቸው ሰ፣ ተ፣ ነ፣ ደ ከጸኑ በኋላ ነው፤ ከራሳቸው ላይ ያለው ሰረዝ ሁልጊዜ በመጨረሻ ይሰመር።

ስሕተቱ የሚበዛው በዘሮቹ ላይ ነው። ቡ እና ቢ የሚምታቱት ቅጥያው የት እንደሚቀመጥ ስለማይታይ ነው፦ የካዕብ (የሁለተኛው ዘር፣ ቡ) ወገብ ላይ፣ የሣልስ (የሦስተኛው፣ ቢ) እግር ላይ። በመስመሩ መካከል በሌላ ቀለም ቀጭን ሰረዝ ብታሰምሩ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ባ እና ቦ ደግሞ የሚለዩት ረጅሙ እግር በየት በኩል እንደሆነ በማየት ነው፤ በባ ቀኙ፣ በቦ ግራው። ይህንን ሕግ ግን ለሁሉም አታውሉት፤ ሎ ቀለበት ነው ያለው፣ ታ እና ቃ ደግሞ እግራቸውን ወደ ግራ ያጥፋሉ። ሩ፣ ሪ፣ ፉ፣ ፊ ከሕግ የወጡ ስለሆኑ ለብቻቸው ይለመዱ። ሳድስ (ስድስተኛው ዘር፣ እንደ ብ) ጨርሶ ሕግ የለውም፤ በቃል ውስጥ ደጋግሞ መጻፍ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ሰ፣ ሠ በመለዋወጣቸው የ2ኛ ክፍል ልጅ ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም ብለን እናምናለን። በአንድ ገጽ ውስጥ አንዱን ቃል በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉ ለጊዜው ይበቃል።

የቃል ጽሕፈት በሳምንት ሁለቴ፣ 5 ቃልና 1 ዓረፍተ ነገር። ሦስት ጊዜ ይነበባል፦ መጀመሪያ ሙሉውን (ማንም እርሳስ አያነሣም)፣ ቀጥሎ በየሐረጉ፣ በመጨረሻ ሙሉውን ለእርማት። ቃሉን ነጥሎ መጥራት ብቻ አያዋጣም፤ «አለ» ጠብቆና ላልቶ ሁለት ትርጉም አለው፣ አጻጻፉ ግን አንድ ነው፤ የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሲገባ ነው።

ከ4ኛ እስከ 6ኛ ሳምንት፦ ዓረፍተ ነገር

ያልተናገሩትን አይጽፉም። ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ቃላቱን በጣቱ ይቆጥራል፣ ከዚያ ይጽፋል። በቃላት መካከል አንዲት የትንሽ ጣት ቦታ ይተዋል። እዚህ ላይ የሚመጣው ስሕተት ቃላትን ማጣበቅ ብቻ አይደለም፤ «ከ ቤት» እና «የ ልጁ» ብሎ መለያየትም አለ። «ከ» እና «የ» ለብቻቸው መቆም እንደማይችሉ በወረቀት ቁራጭ አጣብቆ ማሳየት ይጠቅማል።

ለማስፋፋት «ልጅቷ ሮጠች» ከሚለው ተነሥታችሁ መቼ፣ ከየት፣ ወዴት፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ልጆች ጭማሪውን ከግሱ በኋላ ይደረድራሉ፦ «ልጅቷ ሮጠች ወደ ቤት»። በንግግር ያልፋል፣ በጽሑፍ ግን ግሱ መጨረሻ ላይ ይሁን። የግሱን ካርድ በተለየ ቀለም ጽፋችሁ ከሰሌዳው ቀኝ ጫፍ ለጥፉ፤ አዲሱ ቃል ሁሉ ከእሱ በፊት ይግባ። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ባለቤቱና ግሱ ይራራቁና «ልጆቹ ማታ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሄደ» ይመጣል። መካከሉን በእጅ ሸፍኖ «ልጆቹ ... ሄደ» ብሎ ማንበብ ስሕተቱን ለልጁ በራሱ ጆሮ ያሰማዋል።

ሌላው የ«ከዚያ» ሰንሰለት ነው፦ «ከዚያ ተነሣ ከዚያ ታጠበ ከዚያ ሄደ»። «አትጠቀም» ከማለት «ተነሥቶ፣ ታጥቦ ሄደ» ማለትን ማስለመድ ይሻላል። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ስድስት «ቶ» እና «ቦ» የተደረደረበት ዓረፍተ ነገር ስለሚመጣ፣ በአንድ አራት ነጥብ ከሁለት በላይ እንዳይሆን ገድቡት።

ከ7ኛ እስከ 10ኛ ሳምንት፦ አንቀጽ

«የውኃ ጥቅም» የሚል ሰፊ ርእስ ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት እንዲጽፍ ያደርጋል። «እርሳስ እንዴት ይቀረጻል»፣ «ቦርሳዬ ውስጥ ያለው» የሚሉት ጠባብ ናቸው፤ ልጁ የሚናገረው አያጣም። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ለጎረቤቱ 2 ደቂቃ ይናገራል፣ በሦስት ሳጥን ይሥላል፣ ለየሳጥኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ከዚያ ያገናኛል።

መምህሩ ፊታቸው ይጻፍ። እያሰበ፣ ጮክ ብሎ እየተናገረ፣ እየሰረዘ። ልጆች ያለቀ ጽሑፍ እንጂ የሚሠራ ጽሑፍ ስለማያዩ መሰረዝን እንደ ጥፋት ይቆጥሩታል። ናሙናው ግን ልጆቹ መጻፍ ሳይጀምሩ ይጥፋ፤ ሰሌዳው ላይ ከቆየ የክፍሉ ሁሉ ድርሰት የእሱ ግልባጭ ይሆናል። አምስት ስድስት አስቸጋሪ ቃላት ብቻ ይቅሩ።

እርማት ላይ ቆጠብ በሉ። ገጹ በቀይ ከተሞላ ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያውቃቸውን አጫጭር ቃላት ብቻ ይመርጣል፤ ስሕተቱ ይቀንሳል፣ ጽሑፉም አብሮ ይደርቃል። በአንድ ጽሑፍ አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ ምረጡ። መልእክቱ ካልገባ እሱን፣ ከገባ ዓረፍተ ነገሩን፣ የፊደል ግድፈት በመጨረሻ። ዳግም ሲጽፍ ሙሉውን አይገልብጥ፤ የተመረጡ 3 ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። 40 ልጅ ባለበት ክፍል በቀን 8 ደብተር ብታዩ ሁሉም በሳምንት አንዴ ይታረማል።

11ኛ እና 12ኛ ሳምንት፦ መለካት

በ1ኛው ሳምንት ለመነሻ ልኬት አንድ የ10 ደቂቃ ርእስ ይሰጥ፤ እዚህ ላይ ያው ርእስ እንደገና ይሰጥ፤ በ6ኛው ሳምንትም አንዴ ሊደገም ይችላል። የቃላቱ ብዛት፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮቹና የማይነበቡት ቃላት ይቆጠሩ። በመካከለኛው ልኬት የቃላቱ ቁጥር ቢቀንስ አትደንግጡ፤ ልጁ ስለ አራት ነጥብ ማሰብ ሲጀምር ፍጥነቱ ይወርዳል።

ገጹ ባዶ የቀረበት ልጅ ካለ በቃሉ እንዲናገር ጠይቁት። ከተናገረ ችግሩ እጁ ወይም ፊደሉ ነው፤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እናንተ ጻፉለትና ሁለተኛውን እሱ ይቀጥል። ካልተናገረ ደግሞ ርእሱ ሩቅ ሆኖበታል፤ ጠረጴዛው ላይ ካለው ዕቃ አንዱን አንሡና ምን እንደሆነ ይንገራችሁ።