የምውጠው ኪኒን ሴል ውስጥ ገብቶ ምን ይሰራል?

ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ወደላይና ወደታች የሚዋዥቅበት ህመም) ነው ተብዬ ሊቲየም የሚባለውን ኪኒን የጀመርኩ ሰሞን በሳምንቴ ልተወው ነበር። አፌ ብረት ብረት ይለኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጭንቅላቴ ግን ያው እንደበፊቱ ይሮጣል። ሀኪሜ ጊዜ ይፈልጋል አሉኝ፣ እኔ ደሞ ለምን የሚለውን ካላወቅኩ ኪኒኑም አይዋጥልኝም፣ ስለዚ ባዮሎጂ ከሃይስኩል በኋላ ሳልነካ የጥናት ፔፐር ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገረመኝ ነገርየው ተራ ንጥረ ነገር መሆኑ ነው፣ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ 3ኛው፣ የሶዲየም ዘመድ። ጆን ኬድ የሚባል አውስትራሊያዊ ሀኪም በ1949 (እ.ኤ.አ.) ለማኒያ፣ ማለትም ባይፖላር ስሜትን ከልክ በላይ ለሚያስፈነጥዝበት ጊዜ፣ ይረዳል ብሎ ሲጽፍ እንዴት እንደሚሰራ ማንም አያውቅም ነበር፣ ዛሬም ሙሉ መልስ የለውም። በደንብ የሚታወቀው ግን በማግኒዚየም የሚሰሩ አንዳንድ ኢንዛይሞች ላይ የማግኒዚየምን ቦታ እየቀማ እንደሚያዳክማቸው ነው። ጂኤስኬ-3 የሚሉት አንዱ ነው። ይሄ ኢንዛይም ቤታ ካቴኒን የሚባል ፕሮቲን እንዲፈርስ ምልክት ያደርግበታል፣ ሊቲየም ሲይዘው ፕሮቲኑ ሳይፈርስ ይጠራቀምና ጂኖቹ ያሉበት የሴሉ ማእከል (ኒውክለስ) ገብቶ ጂኖችን ያስነሳል። ጂን ተነቦ ፕሮቲን ተሰርቶ የሴሉ አኗኗር እስኪለወጥ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። የመዘግየቱ ምክንያት ይሄ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፣ ለእኔ ግን መታገሻ ሆነኝ።

ከዛ አበዛሁት። ሊቲየም የነርቭ ሴሎችን ከሞት አዳነ የሚል አንብቤ አንጎሌ እየታደሰ ነው እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራለሁ። አንድ ማታ ያንኑ ፔፐር መልሼ ሳየው ላብራቶሪ ሳህን ላይ ባሉት ሴሎች ያፈሰሱት በሊትር 20 ሚሊሞል ሊቲየም ነው። የኔ የደም ውጤት በዚሁ መለኪያ 0.7! ሰው ላይ እኮ 2 እንኳን መመረዝ ነው። ሳህን ላይ ያለ ሴል የቻለውን እኔ አልችለውም፣ ያ ሁሉ ወሬዬ ዜሮ ገባ ማለት ነው። ከዛን ቀን ወዲህ ርዕሱን ትቼ ቀጥታ መጠኑ ጋ ነው ምሄደው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አንዱ ጥናት ግን አሁንም ይመስጠኛል፣ ባይፖላር ካለባቸው ሰዎች ቆዳ ሴል ወስደው ወደ ነርቭ ሴል ቀየሩት፣ ሴሎቹ ከልክ በላይ የኤሌክትሪክ ምልክት ይልካሉ፣ ሊቲየም ያረጋጋው ደሞ በህይወታቸው ሊቲየም የተስማማቸውን ሰዎች ሴል ብቻ ነው። ሰዎቹ ጥቂት ነበሩ እንጂ ለምን ለአንዱ ሰርቶ ለሌላው እንቢ እንደሚል ይጠቁማል።

ቫልፕሮኤት የሚባለው ሌላው የባይፖላር መድሀኒት ሌላ መንገድ አለው፣ ዲኤንኤው የተጠቀለለበትን ፕሮቲን አጥብቀው የሚያስሩ ኢንዛይሞችን ይከለክላል። ወስጄው ስለማላውቅ ብዙ አልቆፈርኩም።

ያዳነኝ ግን የአንጎሉ ሳይሆን የኩላሊቱ ንባብ ነው። ሊቲየም በሶዲየም በር በኩል ኩላሊት ሴል ይገባና የውሃ መተላለፊያዎቹን ይቀንሳል፣ ሌሊት ሶስቴ ምነሳውና ጥሙ ለካ ከዚ ነው። ኩላሊት ሊቲየምን ከሶዲየም አጥርቶ አይለይም፣ ሰውነት ጨውና ውሃ ሲያንሰው ሁለቱንም አልለቅም ይላል። አንዴ ተቅማጥ ይዞኝ ለራስ ምታቱ ኢቡፕሮፌን ዋጥኩበት፣ እሱም ሊቲየም እንዳይወጣ እንደሚያደርግ አላውቅም። በማግስቱ ሻይ ሳማስል ማንኪያው ብርጭቆውን ሲመታ ድምጹ ሌላ ክፍል ይሰማል። መንቀጥቀጡን ስለለመድኩት ልተወው ነበር፣ ያነበብኩት ትዝ ሲለኝ ግን ተነስቼ ሀኪም ቤት ሄድኩ፣ የደሜ ሊቲየም 1.4 ሆኖ ተገኘ። ሀኪሜ ለጊዜው አስቁመው ፈሳሽ አሰጡኝ፣ ለህመም ማስታገሻም ፓራሲታሞል ብቻ አሉ።

አሁን ደም ስሰጥ ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰአት ቆጥሬ ነው፣ ጠዋት ውጬ ሄጄ በተጋነነ ቁጥር ከተደናገጥኩ ወዲህ። ኩላሊቱና ታይሮይዱም አብሮ ይታያል፣ ቀጣዩ የፊታችን ወር ነው።