እንኳን አደረሳችሁ፤ ፎቷችሁንም ውሰዱ

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ! ከደብረ ብርሃን ነው። ጭቃው ገና አልደረቀም፣ ብርዱም እንደ ጉድ ነው። አየሩ ግን! ክረምቱ አቧራውን ጠራርጎት ወደ አንኮበር በኩል ያለው ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለፎቶ አንሺ ከመስከረም የተሻለ ወር የለም። አደይ አበባ መሀል አንሳን የምትሉኝ ዘንድሮ እንኳ ተዉኝ። ቀልዴን ነው፣ ኑ።

ዘንድሮ ግን ባለ ፎቶ ቤቱ ጋሼ የሉም። ሰኔ ላይ ቀበርናቸው። ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ለፈተና የሚሆን ጉርድ ፎቶ «ቀና በል፣ ትከሻህን ልቀቅ» እያሉ ያነሷችሁ እሳቸው ናቸው።

ልጅ ሆኜ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይዤ ቤት ለቤት ስዞር እሳቸው ስቱዲዮ ገባሁ። በካርቦን የገለበጥኩት ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር፣ በውሃ ቀለም የደመቀ። ሌላው ሰው ሳንቲም ሰጥቶ ያሰናብተኛል። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ፀሐዩ በየት በኩል ነው አሉኝ። ምን ልበል? ፈረሱ በግራም በቀኝም ያበራል። ሳቁ፣ ብር ሰጡኝና ከትምህርት መልስ ና አሉኝ። በቃ፣ እንዲህ ነው የገባሁበት።

ያኔ ጥቁርና ነጩን ፎቶ እዚያው ጓዳ ያጥቡ ነበር። ወረቀቱን ቀይ አምፖል አያበላሸውም፤ እና በዚያ ጨለማ ውስጥ መጀመሪያ ፀጉርና ቅንድብ፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ነጠላው ደግሞ መጨረሻ ላይ ከውሃው ብቅ ብቅ ሲል ቆሜ አያለሁ። የቀለም ፊልም ሲመጣ ማሳጠቢያው አዲስ አበባ ሆነ፣ ፊልሙም በአውቶቡስ ረዳት ይላክ ጀመር። ጓዳው የዕቃ ማስቀመጫ ሆነ።

እኔ ፍላሽ አልወድም። መንዝ ስሄድ ሰውን በር አጠገብ አስቀምጣለሁ፣ ፊቱን ወደ ደጅ፣ ጀርባው ጨለማ። ጋሼ ይህን ሲያዩ «ደግ፣ ይህ ያንተ ነው፤ የሳቸውስ?» ይሉኝ ነበር። የሳቸው ማለት ተነሺው የሚፈልጉት ነው፦ ነጠላ ተስተካክሎ፣ እጅ ጉልበት ላይ፣ ፊት ለፊት። አሁን ሁለቱንም አነሳለሁ። ለቅሶ ላይ የሚያዘው የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጋሼን ስንቀብር አንዲት እናት የባላቸውን ጉርድ ፎቶ ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩኝ። ጋሼ ያነሱት ነው። ሌላ ፎቶ የላቸውም።

እትዬ፣ ስቱዲዮውን ስላልዘጉት እግዜር ይስጥልኝ። የጓሳ ጥበቃዎች፣ ባትሪዬ በብርዱ ሲሞት በርኖሳችሁ ሥር ስላሞቃችሁልኝ፣ ጭላዳዎቹ ከገደል እስኪወጡም አብራችሁኝ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። መንገዱ ሰላም ይሁንና ዘንድሮ እንደ ልብ እንገናኝ። ገበሬውን በስልክ አንስታችሁ «እልክልዎታለሁ» ብላችሁ የጠፋችሁ ደግሞ፣ አዲሱ ዓመት ፎቶ ቤት ደርሳችሁ የምታሳትሙበት ይሁንላችሁ። የምሬን ነው።

ከእትዬ ጋር የጋሼን ካርቶኖች እየከፈትን ነው። ታጥቦ፣ ተቆርጦ፣ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ባለቤቱ ያልመጣበት ፎቶ መዓት ነው። ወታደር አለ፣ ሙሽራ አለ፣ አንድ ጫማ ብቻ ያደረገ ሕፃን አለ። አባት እናታችሁ እዚህ ከተማ ፎቶ ተነስተው ከነበረ ጠይቋቸው። ስቱዲዮው እስከ መስቀል በየቀኑ ከሰዓት ክፍት ነው፤ ክፍያ የለም፣ ጋሼ ቀብድ ተቀብለዋል።