«አምጪው ላዝልልሽ» ማለትን ለመተው የወሰድኩት ትምህርት

ልጅ ማዘል ያስተማረኝ ሰው የለም። እኛ ሰፈር ሴት ልጅ ታናናሾቿን እያዘለች ነው የምታድገው፤ እናት ምጣድ ላይ ስትሆን ነጠላ ይወረወርልሻል፣ ጎንበስ ትያለሽ፣ ሕፃኑ ጀርባሽ ላይ ይደረጋል፣ አለቀ። ፍራንክፈርት መጥቼ፣ ልጅ በጨርቅ ማቀፍና ማዘልን ለወላጆች የምታስተምር፣ ለዚህም ኮርስ ወስዳ የምስክር ወረቀት የያዘች ባለሙያ አለች ሲሉኝ ፈረንጅ ሥራ ፈቷል ብዬ ነበር። ትራገበራተሪን ይሏታል። አሁን እኔም አንዷ ነኝ።

ወደዚህ የገፋችኝ ሄባመዬ፣ አዋላጄ ማለት ነው፣ ናት። ጀርመን አገር የወለደች ሴት አዋላጇ ቤቷ ድረስ እየመጣች ታያታለች፣ ወጪውን የጤና መድኅን ይሸፍናል። የኔዋ ለመጨረሻ ጊዜ ስትመጣ ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የተነሳችበት ሰሞን ነበር፤ አንገቷ ጠና ስትል በነጠላ አዝያት ሽንኩርት ስከትፍ አገኘችኝ። «የማያቸው የሐበሻ እናቶች ሁሉ እንዳንቺ አይችሉም፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉም አሉ። ለምን አታስተምሪያቸውም?» አለችኝ። ምን ችግር አለው አልኳት። «መጀመሪያ ግን ኮርሱን ውሰጂ» አለች።

የኮርሱ ግማሽ ስለ ሰውነት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን የዳሌው ጎድጓዳ ገና ለስላሳ ነው፣ ሙሉ አጥንት አልሆነም። የጭኑ አጥንት ጫፍ ጎድጓዳው መሐል በደንብ የሚቀመጠው ጉልበቶቹ ከቂጡ ከፍ ብለው፣ ጭኖቹ መጠነኛ ከፈት ሲሉ ነው። እግርን አጥብቆ ቀጥ አድርጎ መጠቅለል ዳሌን የሚጎዳውም ለዚሁ ነው። ጀርመኖች ነገሩን በጣም ያከብሩታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ሕፃናት ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የዳሌ አልትራሳውንድ እንዲታዩ ተደርጓል። ፍራይቡርግ የነበረው የሥነ ሕይወት ሊቅ በርንሃርድ ሀሰንሽታይን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 የሰውን ልጅ ትራግሊንግ ብሎታል። ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ እንደሚጠብቅ ጫጩት አይደለም፣ ተወልዶ ወዲያው እንደሚቆም ጥጃም አይደለም፤ ሰው ላይ ተለጥፎ የሚያድግ ፍጥረት ነው ማለቱ ነው።

ታሪኩንም አስተምረውናል። ኤሪካ ሆፍማን የተባለች ጀርመናዊት መንታ ወልዳ፣ ከላቲን አሜሪካ በመጣ ጨርቅ አቅፋቸው ስትሄድ መንገደኛው ሁሉ ከየት አገኘሽው እያለ ቢያስቸግራት እ.ኤ.አ. በ1972 ዲዲሞስ የሚባለውን የማዘያ ጨርቅ ድርጅት አቋቋመች። በዛጎል ያጌጠ የቆዳ አንቀልባ ያለው ሕዝብ ልጅ ሆኜ ይህን ቁጭ ብዬ በጀርመንኛ ማስታወሻ መያዜ ትንሽ ያስቃል። ግን ያዝኩ።

ከባዱ ሌላ ነው። ደንቡ የተማሪሽን ልጅ አትነኪም ይላል። አንቺ የአራስ ያህል የምትመዝን፣ አንገቷ የማይጸና አሻንጉሊት ትይዣለሽ፤ እናቲቱ የራሷን ልጅ ትይዛለች። እያሳየሽ ትናገሪያለሽ፣ እሷ በገዛ እጇ ትጨርሳለች። ቢጣመምባት እንኳ በቃል ነው የምታቃኚያት።

ይህ ለሐበሻ ሴት ነውር ሊመስል ምንም አይቀረው። እኛ ዘንድ ልጅ ሲያለቅስ «አምጪው እስቲ ላዝልልሽ» ነው፤ እናቲቱ ሳትመልስ ልጁ ከእጇ ወጥቷል። ደግነት መሆኑን አልክድም፣ እኔም ብዙ ጊዜ በዚህ ደግነት አርፌያለሁ። ግን ትልቋ ሴት አዝላ እሹሩሩ ስትለው ልጁ ይተኛል፣ ወጣቷም ትገላገላለች፤ የተማረችው ግን የለም። አዲስ አበባ ቢሆን ነገም ሌላ ሴት አትጠፋም። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባል ሥራ ሄዶ፣ ጎረቤት በሩን ዘግቶ፣ «አምጪው» የሚል ድምፅ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ደንቡን ተቀበልኩ፤ መጀመሪያ ሰሞን እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ ነበር የምቆመው።

እጅን መሰብሰብ ብቻውንም አልበቃም፤ እጄ የሚያውቀውን አፌ አያውቀውም። ኮርሱ ላይ እንደኛ አገር አዝዬ ሳሳይ አንዷ «ለምን ትዘያለሽ?» አለችኝ። መቼ ዘለልኩ? መስታወት ፊት ቀስ ብዬ ስደግመው ነው ያየሁት። ጎንበስ ብለን ጨርቁን ከላይ ካለበስነው በኋላ፣ ከማሰራችን በፊት፣ ልጁን ወገባችን ላይ አንድ ሁለቴ ነጠር እናደርገዋለን። በዚያች ቅጽበት ቂጡ ጨርቁ ውስጥ ወረድ ይላል፣ ጉልበቶቹ ከፍ ይላሉ። በዳሌ ሥዕል ያስተማሩኝን እናቴ በዚህ ትሠራው ኖሯል! ከዚያ ወዲህ ማንንም «ነጠር አድርጊው» ብቻ ብዬ አላልፍም፤ ምን እየፈለገች እንደምታነጥረው እነግራታለሁ፣ ጉልበቶቹን በእጇ ዳስሳ እንድታረጋግጥ አደርጋለሁ።

ለአራስ የማስተምረው ግን ደረት ላይ የሚታሰረውን ነው። ትራገቱክ የሚሉት ረጅሙ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ 4 ሜትር ከ60 ነው። መሐሉ ሆድ ላይ፣ ጫፎቹ ጀርባ ላይ ተጠላልፈው በትከሻ ይወርዳሉ፣ ሕፃኑ ከላይ ይገባል። ሁሉም የሚቸገሩት ማጥበቁ ላይ ነው። በጅምላ ከጎተትሽው ጠርዙ ይጠብቅና መሐሉ ይላላል። ስለዚህ «በአንገቱ በኩል ያለውን ጠርዝ በሁለት ጣት ያዢ፣ ሳቢ። አሁን ከሱ ቀጥሎ ያለውን እጥፋት። አሁን የታችኛውን» እያልኩ እቆጥራለሁ። ነጠላ ለዚህ አይመችም፤ ስስ ነው፣ ትከሻ ይቆርጣል፣ ይንሸራተታል። ጋቢ ደግሞ ቋጠሮ አይወጣውም። አንገቱ የጠናውን ልጅ ቤት ውስጥ ጀርባሽ ላይ በነጠላ ለማዘል ግን ከኔ ፈቃድ አያስፈልግሽም።

አንድ ቀን ምራታቸውን ሊያርሱ ከጎንደር የመጡ እናት ትምህርቱን ከሶፋ ላይ ሆነው ሲከታተሉ ቆዩና አላስችል አላቸው። «ኧረ በማርያም! ገና አርባው ያልሞላ ሕፃን ቀጥ አርጋችሁ ታቆሙታላችሁ? ወገቡ ይቀጫል!»

«እውነትዎን ነው እማማ፣ ጀርባ ላይ ቢሆን እኔም እሺ አልልም። እስቲ እጅዎን እዚህ ያድርጉ፣ ይላወሳል?»

ዳሰሱት። አይላወስም። ያኔ ቀጠልኩ፦ እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ ውስጥ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናትን የእናት ደረት ላይ ገላ ለገላ ማቆየት መጀመሩን፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ይህንኑ አጥንቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 መታተሙን ነገርኳቸው። «ታዲያ ጥቁር አንበሳ ነው አትይም!» አሉኝ።

የማልደራደርበት ነገር ትንፋሽ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በማርች 2010 ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ በትከሻ ከሚንጠለጠሉ የጨርቅ ማዘያዎች ጋር የተያያዙ ቢያንስ 14 ሞቶችን እየመረመረ ነበር፤ 12ቱ ከአራት ወር በታች የሆኑ ናቸው። አራስ ጨርቅ ውስጥ ተቆልምሞ አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጮሆም አይናገርም። ፊቱ ሁልጊዜ ይታይሽ፣ ጎንበስ ሳትይ ግንባሩን መሳም ቻይ፣ ከአገጩ ሥር ጣትሽ ይግባ። «እንዳይበርደው» ብለው ነጠላ ፊቱ ላይ ጣል የሚያደርጉ ዘመዶች ጋር የምጣላው በዚህ ብቻ ነው። ለብርዱ ካፖርትሽን ከላይ ደርቢ፤ ጨርቁ ራሱ እንደ አንድ ልብስ ስለሚቆጠር ሕፃኑን ብዙ አታልብሺው።

አባቶች ከእናቶች ቶሎ ይማራሉ። ይህን ስናገር ሴቶቹ ይቆጣሉ፣ ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እኛ ልጅ ሆነን ያየነውን በከፊል እናስታውስና አዲሱ ላይ እንደባልቀዋለን፣ ወንዱ ግን ባዶ ሆኖ ነው የሚመጣው። ደረጃ በደረጃ የተነገረውን ያደርጋል። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሚስቱ ገና ጀርባዋ ላይ ስታጠላልፍ እሱ አስሮ ጨርሶ «ቀጥሎስ?» ብሎኛል።

ክፍያውን በተመለከተ ብዙም አልናገርም። ጀርመኖቹ በሰዓት ይከፍላሉ፤ የኛዎቹ ለማዘልም ይከፈላል እንዴ ብለው ይስቁና ቡናና ድፎ ዳቦ ያቀርባሉ። ሁለቱንም እቀበላለሁ።

ጨርቅ ልትገዢ ከሆነ አዲስ የግድ አይደለም። ጀርመኖች «ቁንጫ ገበያ» በሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ በደህና ዋጋ ይገኛል፣ እንዲያውም ብዙ የታጠበው ይለሰልሳል፣ በቀላሉም ይታሰራል። ብርሃን ላይ ዘርግተሽ ቀዳዳና የተተረተረ ክር ፈልጊ። በሰያፍ ስትስቢው ሳብ የሚል፣ በርዝመቱ ስትስቢው የማይላላ መሆኑን እይ። ርዝመቱን ደግሞ ከሁለታችሁ በወፍራሙ ለኪ፤ ባልሽ አያደርገውም ብለሽ አጭሩን እንዳትገዢ፣ ያደርገዋል።