ጀነሬተር ላይ የተቀዱት ሸክላዎች

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ የድምፅ መሣሪያዎችን ስጠግን ብዙ ዓመታት ቢያልፉም፣ ለሬዲዮ ጣቢያ አገልግሎት ተብለው የተሠሩ አሮጌ ሸክላ ማጫወቻዎች እጄ የሚገቡት ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከየቤቱ በውሰት የሰበሰባቸውን ሸክላዎች ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥበት ጋራርድ 401 እያጉረመረመ እንዳስቸገረ ነግሮ ሲጠራኝ፣ ዋጋውን እንኳ በቅጡ ሳልነጋገር ነበር መሣሪያዬን ይዤ የሄድኩት።

ማሽኑ እንግሊዝ አገር ስዊንደን ከተማ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲወጣ የተካው፣ ከ1954 ጀምሮ ቢቢሲን የመሳሰሉ ጣቢያዎች ሲገለገሉበት የነበረውን ጋራርድ 301ን ነው። በጀርመን ጣቢያዎች የታወቀው ኢኤምቲ 930ም ቢሆን የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ቀበቶ የለውም። በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ በደረጃ የተቀረጸ ፑሌጋ አለ፤ ፑሌጋው አንድ ትንሽ ጎማ ያሽከረክራል፤ ጎማው ደግሞ የከባዱን ሰሃን የውስጥ ጠርዝ እየገፋ ያዞረዋል። የሬዲዮ ሰዎች ይህን አሠራር የወደዱበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰሃኑ ቁልፉ እንደተነካ ሙሉ ፍጥነቱን ስለሚይዝ፣ አስተዋዋቂው ንግግሩን ሲጨርስ ዘፈኑ ሳይንቀራፈፍ ይገባል። ዕዳው ያለው ጎማው ላይ ነው፤ በጎማው ላይ የተፈጠረ እንከን ሁሉ በሰሃኑ አልፎ እስከ መርፌዋ ይደርሳል።

የጉርምርምታው ምክንያት ወዲያው ተገኘ። ጎማው በዕድሜ ብዛት እንደ ሰኮና ጠንክሯል፤ በዚያ ላይ በአንድ ጎኑ በጥፍር ሲዳሰስ የሚታወቅ ጠፍጣፋ ቦታ አውጥቷል። ጠፍጣፋው ከየት እንደመጣ ለመረዳት የቢሮውን ልማድ ማየት በቂ ነበር። የ401 ማብሪያ ሲጠፋ ጎማውን ከፑሌጋው ያላቅቀዋል፤ መብራት ሲሄድ ግን ማብሪያው እንደበራ ስለሚቀር፣ ጎማው ከቆመው ፑሌጋ ጋር እንደተጣበቀ ሌሊቱን ሙሉ ተጨቁኖ ያድራል። መብራት ደግሞ መቼ እንደሚሄድ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ጎማውን ወደማውቀው ቶርኖ ቤት ወስጄ በመሃሉ አስይዘን፣ ቀስ እያልን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ላዩን አስተካከልነው። የሰሃኑን የውስጥ ጠርዝና ፑሌጋውን በአልኮል ጠረግኩ፤ የሞተሩን ዘንግ መቀመጫዎች አጥቤ ቀጭን ዘይት ሰጠኋቸው፤ አንድ ደግ አሳቢ በሰሃኑ መሃል ዘንግ ላይ የለቀለቀውን ግራሶም አውጥቼ በዘይት ተካሁት። በመጨረሻ ከማጫወቻው ወደ ፕሪአምፕሊፋየሩ (የመርፌዋን ደካማ ድምፅ ወደሚያጎላው መሣሪያ) የሚሄደው የኧርዝ ሽቦ ተበጥሶ ስላገኘሁት በየድኩት። ሽቦው እንደተያያዘ፣ ቴክኒሻኖች ሃም የምንለው፣ ከዘፈኑ ኋላ ዘወትር ይሰማ የነበረ ወፍራም ድምፅ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ወጣት ይህ ድምፅ የሸክላው የራሱ ጠባይ ይመስላት እንደነበር ነገረችኝ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የክፍሉ ኃላፊ ደወሉ። «ወንድሜ፣ እርስዎ ጎማውን ካስሞረዱት ወዲህ ማሽኑ ፈጥኗል ተባልን፤ የነገሩንም የሙያው ሰው ናቸው» አሉኝ። የሙያው ሰው የተባሉት ጡረታ የወጡ የኦርኬስትራ ሳክስፎን ተጫዋች ነበሩ። እኔ ስደርስ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ይህን ዘፈን መድረክ ላይ ስንት ጊዜ ነፍቼዋለሁ፤ ቢ ፍላት ነው። እዚህ ግን ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ዘፋኙም ገና ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ መስሏል» አሉና ከፋይሉ ጋር አብረው ነፉ። ልዩነቱን ለመስማት ሙዚቀኛ መሆን አላስፈለገም፤ ጥርስ ያፋጫል።

ጎማው በዚህ ጉዳይ ንጹሕ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ማስረዳቱ ግን ቀላል አልሆነም። ጎማው ከፑሌጋው የተቀበለውን የጠርዝ ፍጥነት ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሰሃኑ ያስተላልፋል። መጠኑ ቢቀንስ እርሱ ራሱ ቶሎ ቶሎ ይዞራል እንጂ ሰሃኑ አይፈጥንም፤ የሰሃኑን ፍጥነት የሚወስኑት የፑሌጋው ውፍረት፣ የሰሃኑ የውስጥ ጠርዝ ስፋትና የሞተሩ ፍጥነት ብቻ ናቸው። ይህን ወረቀት ላይ ሠርቼ ባሳያቸውም ኃላፊዋ በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አላመኑኝም። አልፈረድኩባቸውም፤ በቅርብ የተነካው ዕቃ ጎማው ነው፣ የነካሁትም እኔ ነኝ።

ለእኔ የተከራከረችልኝ ወጣቷ ናት። «እኔ ሰረዞቹ ቆመው ካላየሁ ቀረጻ ጀምሬ አላውቅም» አለች፤ እውነቷንም ነበር። በ401 ሰሃን ጠርዝ ላይ የተቀረጹ ሰረዞች አሉ፤ በአጠገባቸው ያለች ትንሽ ኒዮን አምፖል ታበራባቸዋለች። በ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ በሚመላለስ ኤሌክትሪክ፣ ኒዮን በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ሰሃኑ በደቂቃ 33⅓ ዙር ሲዞር፣ በዙሪያው ያሉት 180 ሰረዞች በእያንዳንዱ ብልጭታ አንዱ የሌላውን ቦታ በትክክል ስለሚይዝ ዓይን የቆሙ አድርጎ ያያቸዋል። ሰሃኑ ከፈጠነ ሰረዞቹ ወደፊት፣ ከዘገየ ወደኋላ ይንሸራተታሉ፤ ሠራተኛው የማስተካከያውን ቁልፍ እያዞረ ያቆማቸዋል። ወጣቷ ይህን ሥራ ከእኔ በተሻለ ጥንቃቄ ነበር የምትሠራው።

ሰረዙን ትቼ በእጅ ሰዓት ለካሁ። ዘዴው የቆየና ምንም ወጪ የሌለው ነው፦ በ33⅓ ፍጥነት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ሰሃኑ የሚዞረው 100 ጊዜ ስለሆነ፣ ጠርዙ ላይ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ መቁጠር ብቻ ነው። በ45 ከሆነ 135 ዙር ይመጣል፤ ቢሮው የሰበሰባቸው የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት የአገር ውስጥ ሸክላዎች ባብዛኛው በዚህ ፍጥነት የሚጫወቱ ትንንሾቹ ናቸው። ቆጠርኩ፤ መቶኛው ዙር ልክ በ180 ሰከንድ ሞላ። ማሽኑ ጤነኛ ነው።

በዚህ ጊዜ ጋሼ ሳክስፎን ተጫዋቹ ሌሎቹንም ፋይሎች አንድ በአንድ እያስከፈቱ ያደምጡ ነበር፤ «ይኸኛው ልክ ነው፤ ይኸኛው ወጥቷል፤ ይኸም ልክ ነው» እያሉ። የወጡት ዘፈኖች ተበታትነዋል፤ ከእኔ ጥገና በፊት የተቀዱም አሉባቸው። ጎማው ነጻ የወጣው በዚህ ነው፤ እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩና የፋይሎቹን ቀንና ሰዓት አስጽፌ ወደ ጥበቃው ሄድኩ። ጥበቃው ለጀነሬተሩ የሚሰጣቸውን ቤንዚን በሊትር፣ ጀነሬተሩ የተነሣበትንና የጠፋበትን ሰዓት ጭምር፣ በካሬ ደብተር ላይ ሳያጓድሉ የሚመዘግቡ ሰው ናቸው። ግማሽ ድምፅ ወጡ የተባሉት ፋይሎች በሙሉ ጀነሬተር በሚሠራበት ሰዓት የተቀዱ ሆነው ተገኙ።

ዋናውን መስመር አስጠፍቼ ጀነሬተሩን አስነሣሁ። ወጣቷ ቁልፉን እንደ ልማዷ አስተካክላ ሰረዞቹን ቀጥ አድርጋ አቆመቻቸው። ቆጠርን፤ መቶኛው ዙር 170 ሰከንድ ሳይሞላ አለቀ። ሰረዞቹ አሁንም አልተነቃነቁም። ኃላፊዋ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «ታዲያ ይህ ነገር ምን እያየ ነው የሚመሰክረው?» አሉ፤ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በሥራዬ ላይ የጠየቀኝ ሰው የለም።

የሚያየው ራሱን ጀነሬተሩን ነው። የ401 ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ ነው፤ ኒዮኑም የሚበራው በዚያው ኤሌክትሪክ ነው። ድግግሞሹ ከ50 ወደ 53 ኸርዝ ሲወጣ ሞተሩ በ6 በመቶ ይፈጥናል፤ ኒዮኑም በሰከንድ 106 ጊዜ ብልጭ ማለት ይጀምራል፤ ሁለቱ እኩል ስለፈጠኑ ሰረዙ ይቆማል። ጥንቁቅ ሠራተኛ ደግሞ በማስተካከያው ቁልፍ ስሕተቱን እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ታጠብቀዋለች። በሙዚቃ ስሌት 6 በመቶ ማለት ግማሽ ድምፅ ማለት ነው፤ የጋሼ ጆሮ ድግግሞሹን ከለካሁበት መልቲሜትሬ ጋር በአንድ ቁጥር ተስማማ። በመካከሉ የተቀመጠው ስታቢላይዘር 220 ቮልት እያሳየ ሁሉንም ሰው አረጋግቶ ነበር። ስታቢላይዘር የሚያርመው ቮልቴጅን ነው፤ ድግግሞሽን አይነካም። ለ60 ኸርዝ አገር የተሠራ ማጫወቻ በትራንስፎርመር አገናኝተው «ቮልቴጁ ልክ ነው፣ ዘፈኑ ግን ተጎተተብን» የሚሉ ደንበኞች የሚገጥማቸውም ይኸው ነው፤ ፑሌጋው ካልተቀየረ 33⅓ ወደ 27.8 ዙር ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1975 እንደመጣው ቴክኒክስ ኤስፒ-10 ማርክ 2 ያሉ፣ ፍጥነታቸውን ከኳርትዝ ክሪስታል የሚወስዱ ማሽኖች ይህ ችግር የለባቸውም።

ጀነሬተሩ ለምን ፈጠነ ለሚለው፣ መልሱ ጥበቃው ዘንድ ነበር፤ አምፖሎች ስለደበዘዙ አንድ መካኒክ መጥቶ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ብሎን አጥብቆ ሄዷል። በዚያ ላይ እንዲህ ያለ ጀነሬተር ጭነት ሲያንስበት በራሱም ትንሽ ይፈጥናል፤ አንድ ማጫወቻና አንድ ኮምፒውተር ደግሞ ለእርሱ እንደ ጭነት የሚቆጠሩ አይደሉም። ብሎኑን የማጫወቻውን ጭነት ብቻ አገናኝቼ ወደ 50 መለስኩት፤ ለምጣድ የሚሆን ኃይል ከዚያው መስመር እንዳይወሰድም አስጠነቀቅኩ። ቢሮው ግን ከዚያ በኋላ በጀነሬተር ላለመቅዳት ወሰነ፤ ልክ ነው።

የቀረው አስቀድመው የተበላሹት ፋይሎች ነገር ነው። ከሸክላዎቹ ብዙዎቹ ለባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል፤ ሸክላ ደግሞ በተጫወተ ቁጥር ይበላል። ሁሉንም በ6 በመቶ መቀነስ የመጀመሪያው ሐሳብ ነበር፤ አልወደድኩትም፤ ጀነሬተር በየቀኑ በአንድ ፍጥነት አይሠራም። እዚህ ላይ የረዳን ያ የተበጠሰው የኧርዝ ሽቦ ነው። ሃሙ የተቀዳው በዚያች ሰዓት በነበረው ኤሌክትሪክ ትክክለኛ ድግግሞሽ ስለሆነ፣ መርፌዋ ሸክላው ላይ ከማረፏ በፊት ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍቶ ማየት በቂ ሆነ። ልዩነቱ ጎልቶ እንዲታይ በፕሮግራሙ ግራፍ ላይ በኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ ሦስት እጥፍ ላይ ያለውን የሃሙን ጫፍ እናነባለን፤ በመብራት ኃይል መስመር የተቀዳው 150 ኸርዝ ላይ፣ በጀነሬተር የተቀዳው 158 ወይም 159 ላይ ይቆማል። ያንን ለሦስት አካፍለን የእያንዳንዱን ፋይል ፍጥነት በራሱ ልክ ቀነስነው። በፕሪአምፕሊፋየሩ ውስጥ ያለው፣ ሸክላ ሲቀረጽ የተቀየረውን የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ሚዛን የሚመልሰው የአር አይ ኤ ኤ ድምፅ ማስተካከያ በተዛባው ፍጥነት ላይ መሥራቱ ጥቂት ነገር ያጓድላል፤ በጆሮ የሚለይ ሆኖ ግን አላገኘሁትም። ጋሼ በሳክስፎናቸው ፈትነው የተስተካከሉትን አንድ በአንድ አሳለፏቸው።

ከጥገናው በኋላ በጀነሬተር የተቀዱት ግን ሃም የላቸውም፤ ሽቦውን በየድኩት አይደል? ለእነርሱ ያለን ማስረጃ የጥበቃው ደብተር ብቻ ሆነ፤ ደብተሩ ደግሞ ሰዓቱን እንጂ ድግግሞሹን አይናገርም። ኃላፊዋ ለባለቤቶቹ ደውለው ሸክላዎቹን እንደገና ስላስመጡ በመብራት ኃይል መስመር፣ ዙሩ በእጅ ሰዓት እየተቆጠረ፣ በድጋሚ ተቀዱ። የአንዱ ባለቤት ቤት ለቀው ስለሄዱ አልተገኙም። ያንን ፋይል ጋሼ በሳክስፎናቸው እየመሩን እስኪገጥም ድረስ አወረድነው፤ በመዝገቡም ላይ ፍጥነቱ በጆሮ የታረመ መሆኑ፣ ያረሙት ሰው ስምና የታረመበት መጠን ተጽፎ፣ ያልተነካው የመጀመሪያ ቅጂም አብሮ እንዲቀመጥ አደረግን። ወጣቷ አሁን በእያንዳንዱ ፋይል መግለጫ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር ትሞላለች፦ «100 ዙር የፈጀው ጊዜ፣ በሰከንድ»።